የሰረዝኩት መስመር

ውድ ልጆቼ፤

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መምህርት ደብዳቤ ላከችልኝ። ከኮሌጅ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናትን ታስተምራለች። አሁን አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚያው ዲፕሎማዋ ሊቀጥራት ጠርቷታል። ደመወዙ የተሻለ ነው፣ ቋሚነት አለው፣ ጡረታ ይታሰብበታል። ደብዳቤዋ ሁለት ገጽ ቢሆንም ጥያቄዋ አንድ መስመር ነበር፦ «እትዬ፣ ልጆቹን እየወደድኳቸው ትቻቸው ብሄድ በደል ይሆንብኛል?»

መልስ ልጽፍላት ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ሌላ ሴት ይህንኑ ጥያቄ በሌላ አነጋገር ጠይቃኝ ነበር። ያን ጊዜ የሰጠኋት መልስ ዛሬም አንገቴን ያስደፋኛል። ስለዚህ ለአንዷ የጀመርኩትን ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንኩ። ስለ ትምህርት ዝግጅት፣ ስለ ሰዓት ማክበር፣ ስለ ክፍል አያያዝ አልጽፍም፤ እሱን ተምራችኋል።

በዚያን ጊዜ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ርእሰ መምህርት ነበርኩ። ስድስት ክፍል፣ መቶ አሥራ ሁለት ልጆች። ገንዘባችን ከሁለት ወገን ይመጣል፤ ከፊሉ ከወላጆች ወርሃዊ ክፍያ፣ ከፊሉ ከመንግሥት ድጎማ። ትንንሾቹን የያዘችው መምህርት ከሁላችንም በዕድሜ ታንስ ነበር። ስሟን አልጽፍም፤ ሳላስፈቅዳት አንድ ነገር አድርጌባታለሁና አሁንም ሳላስፈቅዳት ስሟን አደባባይ ላይ ማውጣት አልፈልግም።

ጠዋት በር ላይ ቆማ አትቀበላቸውም፤ ተንበርክካ ነው። መጀመሪያ ሳያት ልታይ ልታይ የምትል መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ገባኝ። የሦስት ዓመት ልጅ ቀና ብሎ የሚያየው የትልቅ ሰው ጉልበትና የእጅ ቦርሳ ነው፤ እሷ ግን በየጠዋቱ መጀመሪያ የሚያገኙት ፊት እንዲሆን ትፈልጋለች። ሁለቱ የቀሚሷ ጉልበቶች ሁልጊዜ የነጡ ነበሩ።

በክፍሏ የማይናገር አንድ ልጅ ነበር። ቤቱ ሲገባ እንደ ማንኛውም ልጅ ያወራል ይላሉ ወላጆቹ፤ ከእኛ ግቢ ከገባ ግን አራት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልወጣውም። በቀኝ እጁ አንድ ቆርኪ ይይዛል። ሲጫወት በግራ እጁ፣ ሲበላ በግራ እጁ፣ ሲተኛም የቀኝ እጁ ጭብጥ እንደሆነ ነው። ከመምህራኑ አንዷ «እስኪ አሳየኝ» ብላ ጣቶቹን ልትፈታ ስትሞክር ልጁ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እስከ ቀትር አልወጣም። ያቺ ወጣት ግን አንድም ቀን እጅህን ክፈት አላለችውም። ጠዋት ተንበርክካ «ደህና አደርክ» ትለዋለች፤ ቀጥላ ጭብጡን በአንድ ጣቷ ነካ አድርጋ «አንተስ ደህና አደርክ» ትላለች፣ ለቆርኪው መሆኑ ነው። በየቀኑ። በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ልጁ እጁን ዘርግቶ ከፈተው፣ ቆርኪውን መዳፏ ላይ አስቀመጠና «ያዢልኝ» አላት።

እኔ በመስኮት በኩል አይቻለሁ። አላለቀሰችም፣ አላጨበጨበችም፣ ማንንም አልጠራችም። ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታው «እሺ፣ ማታ እመልስልሃለሁ» አለችው። ማታ መለሰችለት። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ይሰጣታል፣ በየማታው ትመልስለታለች፤ በመካከል ያለው ቀን ሁለት እጅ ያለው ልጅ ሆነ። በየትኛው የሥራ መዘርዝር ላይ ይህ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። በየትኛው የደመወዝ እርከን ላይ እንደሚውልም እስካሁን አላወቅሁም።

በዚያ ዓመት አጋማሽ አንድ ቀን ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ቢሮዬ ገባች። ከደብተር የተቀደደ ባለ ካሬ ወረቀት ይዛለች። ጭማሪ ስጡኝ አላለችም፤ ሒሳቧን ነበር ያሳየችኝ። ከአጥሩ ማዶ ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህርቷ፣ ከእሷ ጋር በአንድ ዓመት ከአንድ ኮሌጅ የተመረቀች፣ የምታገኘው የእሷን እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ከሥሩ የቤት ኪራይ አለ። ከሥሩ ደግሞ የራሷን ልጅ ለምትጠብቅላት ሴት የምትከፍለው። በጣቷ እዚያ ቁጥር ላይ ቆመችና «የሰው ልጅ አሳድጌ የማገኘውን የራሴን ልጅ ለምታሳድግልኝ ከፍዬ ልጨርሰው ነው» አለችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ቀጠለችና «እነዚህን ልጆች ጥዬ መሄድ አልፈልግም። ግን ልጆቹን መውደዴ ለድህነቴ ምክንያት መሆን አለበት?» አለች።

የበጀት ጥያቄ የምንልክበት ወቅት ነበርና አይዞሽ አልኳት። «ዘንድሮ በጽሑፍ አቀርባለሁ።»

አቀረብኩም። ማለቴ ጻፍኩት። በመደበኛ በጀት ሥር ሰባተኛው መስመር ላይ «የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ደመወዝ፣ ተመሳሳይ ሥልጠና ካላቸው የአንደኛ ደረጃ መምህራን ጋር እንዲስተካከል» የሚል ነበር። ከአጠገቡ የስድስቱ መምህራን ልዩነት በዓመት ተባዝቶ ተቀምጧል። ጸሐፊያችን በጽሕፈት መኪና በሦስት ቅጂ መታችው፣ በካርቦን ወረቀት። ካርቦኑ አሮጌ ስለነበር ሦስተኛው ቅጂ ደብዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ያቺ ጸሐፊ ሥርዓተ ነጥብ ላይ እንዴት ያለች ጠንቃቃ ነበረች፤ እኔ የምረሳውን አራት ነጥብ ሳትጠይቀኝ ትጨምርልኝ ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር የሚመጡልኝን ደብዳቤዎች ሳነብ ትናፍቀኛለች።

በማግስቱ ልንልክ ስንል ለብዙ ዓመት በጀት ሲያዘጋጁ የኖሩ አንድ ሰው ገጹን አዩት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ተቋሙን የሚወዱ ሰው ነበሩ። «ይህችን መስመር አውጪያት» አሉኝ። «ደመወዝ አንዴ ከተሰጠ በየዓመቱ ይመጣል፤ ማንም መፈረም አይወድም። እሷን አይተው ሌላውንም ይመልሱብሻል። አጥር ጠይቂ፣ ቀለም ጠይቂ፣ ሸርተቴና ዥዋዥዌ ጠይቂ። የሚታይ ነገር ያጸድቁልሻል።»

የተናገሩት እውነት ነበር። እስከ ዛሬም በብዙ አገር እውነት ነው። ማስመሪያ አነሣሁ፣ ሰባተኛው መስመር ላይ አስደግፌ በእስክሪብቶ ሰረዝኩት፤ ጸሐፊዋም ገጹን እንደገና መታችው። ሸርተቴው ተፈቀደ። አጥሩም ተቀባ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ያቺ ወጣት በኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። «እትዬ፣ ምን ተባለ?»

«አልፈቀዱም» አልኳት።

አልጠየቅሁም ነበር እኮ። ማንም አልከለከለም። ከልካይዋ እኔ ነበርኩ፣ በአሥራ አምስት ሳንቲሜትር ማስመሪያ። ይህም እንዳይበቃኝ፣ ፊቷ ሲለወጥ ሳይ ዝም ማለት አቅቶኝ «ይህ ሥራ እኮ ጥሪ ነው» ብዬ ጨመርኩበት። «ገንዘብ የፈለገ ሰው አይመርጠውም።» ጥቂት ቆመችና «ስለሞከሩልኝ አመሰግናለሁ» አለችኝ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው ሥራ ለቀቀች። በመጨረሻዋ ቀን ከሽርጧ ኪስ ቆርኪውን አውጥታ ሰጠችኝ። ልጁ ያን ዕለት ታምሞ ቀርቶ ነበር፤ በዋዜማው ማታ ሳይወስደው ሄዶ ቆርኪው እሷ ዘንድ አድሯል። «ጠዋት ሲመጣ በር ላይ ይስጡት። ከነገሩት ይገባዋል» አለችኝ። መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ልጁ መጣ፣ በር ላይ ቆመ፣ የሚገባውን የትልቅ ሰው ሁሉ ኪስ እያየ ቆየ። በሦስተኛው ቀን አስታውሼ ይዤለት ሄድኩ። ተንበርክኬም ሰጠሁት፣ እሷ እንደምታደርገው። አልተቀበለኝም። እጁን ከኋላው ደብቆ ቆመ፤ እኔም ቆርኪውን እንደያዝኩ ተነሣሁ።

እሷ በለቀቀችበት ክፍል በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት መምህራን ተፈራረቁ። ቀዩ ሸርተቴ በግቢው መካከል ቆሟል፤ ለጉብኝት የሚመጡ ሰዎች ፎቶግራፍ ያነሡታል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማነበው በብዛት በዚህ ጉዳይ ዙሪያ ነው። አንዳንዱ ንባብ ያሳምመኛል፤ ምክንያቱም እኔ ያን መስመር ስሰርዝ ተጽፎ ታትሞ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ ትልቅ ጥናት በአምስት ከተሞች 227 የሕፃናት ማቆያዎችን አጥንቷል። ተመራማሪዎቹ ሠራተኞቹ ምን እንደተማሩ፣ ልጆቹ ስንት እንደሆኑ፣ ክፍሉ ምን እንደሚመስል ሁሉን መዝግበዋል። የልጆቹን ውሎ ጥራት ከሁሉ በላይ የሚተነብየው የሠራተኞች ደመወዝ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶው ሠራተኛ አርባ አንዱ ሥራውን ይለቅ ነበር፤ መምህራን በሚፈራረቁባቸው ቦታዎች የዋሉት ልጆች በቋንቋም ሆነ ከሌሎች ልጆች ጋር በመግባባት ወደኋላ ይቀሩ ነበር። ሰንጠረዡን ሳነብ ያየሁት በር ላይ የቆመውን ያን ልጅ ነው።

ሌላም አለ። በየስብሰባው ስለ ሕፃናት ትምህርት የሚናገር ሰው ሁሉ የፔሪ ቅድመ ትምህርት ቤት የሚባለውን ጥናት ይጠቅሳል። እናንተም በኮሌጅ ሰምታችሁታል፦ ከ1962 እስከ 1967፣ በሚሺጋን ግዛት በይፕሲላንቲ ከተማ፣ 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆች፤ 58ቱ ትምህርቱን አገኙ፣ የቀሩት አላገኙም፤ ከዚያም እስከ አርባ ዓመታቸውና ከዚያም ወዲህ ተከታተሏቸው። የኖቤል ተሸላሚው የኢኮኖሚ ምሁር ጄምስ ሄክማንና ባልደረቦቹ የዚያ ትምህርት ትርፍ በዓመት ከ7 እስከ 10 በመቶ እንደሚደርስ አስልተዋል። ይህ ቁጥር በየንግግሩ ይነገራል። የማይነገረው የእነዚያ መምህራን ማንነት ነው። የማስተማር ፈቃድ ያላቸው የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ፤ የሚከፈላቸውም በሕዝብ ትምህርት ቤት የደመወዝ ልክ ነበር። ለአምስት ወይም ለስድስት ልጅ አንድ መምህር ይደርሳል፤ በየሳምንቱም ወደየልጁ ቤት ሄደው ከእናቱ ጋር ይሠሩ ነበር። ትርፉን እየጠቀሱ ወጪውን መተው ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? የፔሪን ፍሬ የሚፈልግ መንግሥት የፔሪን ደመወዝ ይክፈል።

አሁን ያቺ ወጣት ባለ ካሬ ወረቀቷን ይዛ ብትመጣ ምን እላት ነበር? ከሁሉ በፊት ጥያቄዋ ለእኔም ለወላጆቹም እንዳልነበረ እነግራት ነበር። አንዲት መምህርት አሥር ትንንሽ ልጆች ብትይዝ የእሷ ሙሉ ደመወዝ፣ የረዳቷም፣ የቤቱም ኪራይ ለአሥር ቤተሰብ ይካፈላል። እነዚያ ቤተሰቦች ደግሞ ወጣቶች ናቸው፤ ሥራ ከጀመሩ ጥቂት ዓመታቸው፣ በሕይወታቸው ዝቅተኛውን ገቢ የሚያገኙበት ዘመን ላይ ናቸው። ክፍያውን ብትጨምሩባቸው ድሃው ልጁን ይዞ ይወጣል። ካልጨመራችሁ ጎደሎውን የምትሸፍነው መምህርቷ ናት፣ ከራሷ ጉሮሮ። እኔ የመራሁት መዋዕለ ሕፃናት እንዲህ ነበር የሚኖረው። ድጎማ የሚሰጠን መንግሥት ብቻ አልነበረም፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ድጎማ የምትሰጠው ያቺ ወጣት ነበረች።

«ቅልጥፍና ጨምሩ» የሚሉ አሉ። ዊልያም ባውሞል የተባለ የኢኮኖሚ ምሁር በ1966 ከባልደረባው ጋር ስለዚህ ጽፏል። አራት ሙዚቀኞች የሚጫወቱትን የጥንት ሙዚቃ ዛሬም አራት ሙዚቀኞች በዚያው ደቂቃ ነው የሚጫወቱት፤ ፋብሪካው በሰዓት የሚያመርተው እጅግ በዝቶ ደመወዙ ሲያድግ፣ የሙዚቀኛው ሥራ ግን አይፈጥንም። ስለዚህ በንጽጽር እየተወደደ ይሄዳል፤ ወይ ሌላ ሰው ይደግፈዋል፣ ወይ ሙዚቀኛው ይራባል። የልጅ ነገርም ይኸው ነው። ያ ልጅ እጁን ለመክፈት አምስት ወር ፈልጓል። በሁለት ወር እንዲከፍት የሚያደርግ መሣሪያ የለም፤ እግዚአብሔርም አይፍጠረው።

ደግሞ ይህን አስቡት። ልጁ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል በገባበት ጠዋት መምህሩ በሕዝብ ገንዘብ ይከፈለዋል፤ ማንም አይከራከርም። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ግን የዚያው ልጅ መምህርት ደመወዝ የወላጅ ኪስ ጉዳይ ነው ይባላል። በአንድ ክረምት ልጁ ላይ ምን ተለወጠ? ከአጥሩ ማዶና ከአጥሩ ወዲህ በነበሩት ሁለት ሴቶች መካከል የነበረው ልዩነት ይኸው ነበር። አጥሩን ቀለም አስቀባሁት እንጂ ስለ አጥሩ አልጠየቅሁም።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ2013 በጄኔቫ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ለዚህ ሙያ መመሪያ አውጥቷል፤ የሕፃናት መምህራን ደመወዝ ተመሳሳይ ሥልጠናና ኃላፊነት ካላቸው የአንደኛ ደረጃ መምህራን ጋር እኩል እንዲሆን ይመክራል። የእኔ ሰባተኛ መስመር ማለት ነው። በ2022 ደግሞ በታሽከንት የተሰበሰቡ መንግሥታት ከትምህርት ወጪያቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለቅድመ አንደኛ ደረጃ እንዲያውሉ ተስማምተዋል። ስምምነት በራሱ ደመወዝ አይሆንም፣ አውቃለሁ፤ ግን የበጀት ጥያቄ ላይ ልትጠቅሱት ትችላላችሁ፣ እኔ ያልነበረኝ ነገር ነው።

የሞከሩትንም አይቻለሁ። ኒውዚላንድ በ2002 የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን ከአንደኛ ደረጃ መምህራን ጋር እኩል ደመወዝ ለመክፈል ተስማማች፤ ነገር ግን ሌላ ስም ባላቸው የሕፃናት ማቆያዎች የሚሠሩት፣ ያንኑ ሥልጠና ይዘው፣ ለሁለት ዐሥርተ ዓመታት ገደማ ከእነሱ ዝቅ ብለው ቆዩ። በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ስም ደመወዝ ይወስናል። አውስትራሊያ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በሁለት ደረጃ የሚሰጥ የ15 በመቶ ጭማሪ ከመንግሥት ካዝና መድባለች፤ ከገንዘቡ ጋር ግዴታ አሰረችበት። ተቋሙ ጭማሪውን ለሠራተኛው ማድረስ አለበት፣ የወላጆችንም ክፍያ ከተቆረጠው ጣሪያ በላይ መጨመር አይችልም፤ በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው 4.4 በመቶ ነበር። ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ለብቻዬ «በጎ ነው» አልኩ። ድጎማ ያለ ግዴታ ቢለቀቅ ወደ ሸርተቴ እንደሚሄድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሥጋቴም አለኝ። ዋሽንግተን ዲሲ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ነዋሪዎች ላይ በተጣለ ተጨማሪ ግብር ለሕፃናት መምህራን የደመወዝ ማስተካከያ ፈንድ አቋቁማ በ2022 መክፈል ጀመረች። በ2024 በጀቱ ሲጠብብ ከንቲባዋ ፈንዱ እንዲቀር ሐሳብ አቀረቡ፤ ምክር ቤቱ ተከራክሮ በከፊል አተረፈው። ሠራተኞቹ ያንን ጸደይ እንዴት እንዳሳለፉት አስባለሁ። በዓመት ዓመት የሚለመን ድጎማ ሰውን ከሥራው ጋር አያኖረውም፤ በሕግ የታሰረ፣ በመደበኛ በጀት ውስጥ የገባ መሆን አለበት። ያ ሰውዬ «አንዴ ከተሰጠ በየዓመቱ ይመጣል» ብለው ያስፈራሩኝ ነገር፣ ልጆቼ፣ ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው። በየዓመቱ መምጣት አለበት። ልጆቹም በየዓመቱ ይመጣሉ።

«ጥሪ» ስላልኩት ቃል አንድ ነገር ልበል። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮብል በ1840 ለትምህርት ቤቱ «የልጆች የአትክልት ስፍራ» የሚል ስም ሲያወጣ ሴቶች ለዚህ ሥራ በተፈጥሮ የታደሉ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ሴቶች ወደ ሙያው የገቡበት በር እሱ ነው፤ አመስጋኝ ነኝ። ነገር ግን በተፈጥሮ የተሰጠ ነገር ዋጋ አይከፈልበትም፤ ለምንጭ ውኃ ማን ደመወዝ ይከፍላል? ዛሬም ይህንን ሥራ የሚሠሩት በብዛት ሴቶች ናቸው፣ ዛሬም እናትነታቸው እንደ ዲፕሎማ፣ ዲፕሎማቸው እንደ እናትነት ይቆጠራል። ያን ቀን በኮሪደሩ ላይ ይህንን ያወረሱኝን ቃል አንሥቼ ነበር የመታኋት።

ስለ እናንተ ስለ ዛሬዎቹ የሚሰማኝንም ልናገር። ቶሎ ትሄዳላችሁ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ሥራ ስትለውጡ አያለሁ፤ ቅሬታችሁን ለማያውቃችሁ ሺህ ሰው በስልካችሁ ታሰማላችሁ፣ በጀቱን ለሚይዘው ለአንዱ ሰው ግን በወረቀት ጽፋችሁ አታስገቡም። ይህ ያሳዝነኛል። የማይናገር ልጅ እጁን የሚከፍተው ለሚቆይ ሰው ነው፤ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ግን ብዕሬን አስቀምጬ ቆየሁ። ትዕግሥት የምትለዋን ቃል ያን ጊዜም በእጄ ይዣት ነበር። ያቺ ወጣት ታግሣ ነበር፤ በወረቀትም አቅርባ ነበር፣ ማድረግ ያለባትን ሁሉ አድርጋ ነበር። እንግዲህ ሁለቱንም ትቼላችኋለሁ፤ ማስታረቅ አልቻልኩም።

ከለቀቀች ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አገኘኋት። የዓይን ሕክምና ተራ ስንጠብቅ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። መጀመሪያ ያወቀችኝ እሷ ናት። በአንድ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል እንደምትሠራ፣ ልጇም ትልቅ እንደሆነች ነገረችኝ። ስለ ቆርኪው ልጅ ጠየቀችኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወላጆቹ ሌላ ቦታ እንደወሰዱት፣ ከዚያ ወዲያ እንደማላውቅ ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ እጄን ያዘችኝና «እትዬ፣ እኔ ግን የእርስዎን ውለታ አልረሳም። እርስዎ እንኳን ጠይቀውልኝ ነበር» አለችኝ።

ነርሷ ስሜን ጠራች። ተነሥቼ ገባሁ። ስወጣ ሄዳ ነበር።

ያ ደብዛዛ ሰማያዊ ቅጂ፣ የመጀመሪያው፣ ሰባተኛው መስመር ሳይሰረዝ የተመታው፣ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ማስመሪያው ያረፈው ላይኛው ቅጂ ላይ ነበርና ሦስተኛው ንጹሕ ነው። ቆርኪውም ከእሱ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ የጻፍሽልኝ ልጄ። በደል አይሆንብሽም። ሂጂ ካልሽ በደህና ሂጂ፤ ማንም ጥሪ እያለ እንዳያስቆምሽ። እኔ ግን ብትቀሪ እወዳለሁ፣ ይህን ልደብቅሽ አልችልም፤ የሦስት ዓመት ልጆች አንቺን የመሰለች ሰው ያስፈልጓቸዋል፣ ደብዳቤሽን አንብቤ አውቄዋለሁ። ለመወሰን አንድ ወር ካለሽ በዚያ ወር ውስጥ ይህን አድርጊ። የአንቺንና የአንደኛ ክፍሏን መምህርት ደመወዝ ጎን ለጎን ጻፊው፤ ሥልጠናችሁን፣ የሥራ ሰዓታችሁን፣ የያዛችሁትን የልጅ ብዛት ከሥሩ አስቀምጪ። ባልደረቦችሽ ሁሉ ይፈርሙበት፤ ብቻሽን አትግቢ፣ ያቺ ልጅ ብቻዋን ነበር የገባችው። ወላጆችን ጥሪና ገንዘቡ ከእነሱ እንደማይጠየቅ ንገሪያቸው፤ ብዙዎቹ ያን ጊዜ አብረውሽ ይቆማሉ። ለርእሰ መምህርትሽ ስታስገቢ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥር ይስጥሽ፣ ቅጂውን ያዢ።

ከስድስት ሳምንት በኋላም ሄደሽ ጠይቂያት። «አልፈቀዱም» ካለችሽ፣ በትሕትና፣ ግን ከበሩ ሳትነቃነቂ፣ የተላከውን ገጽ እንድታሳይሽ ጠይቂያት።